ጋሽ ኤርጫፎ እና የተቃጠለችው ሳጥን

ማርቆስ ከጂንካ ደውሎ «ጋሽ ኤርጫፎ አረፈ» ሲለኝ እኔ አርባ ምንጭ ቤቴ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። መቼ ብዬ ጠየቅኩት። ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ልበል ብሎ በዚያው መቅረቱን ነገረኝ። ማርቆስ የዕድሜ ልክ ሾፌር ነው፤ ስልክ ላይም እንደ መንገድ ላይ ሳያወራ ረጅም ርቀት መሄድ ይችላል። ሲቆይ ግን ለቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍለት ለመነኝ። «እህት አስቴር፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ ጽሕፈቱም ያንቺ ነው» አለኝ።

ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሆነ። የት እንደተወለደ፣ መቼ እንዳመነ፣ ማንን እንዳገባ፣ ስንት ልጆች እንደወለደ፣ የት የት እንደሠራ። በቀብሩ ላይ ተነበበ፤ ሰውም እንዴት ያምራል አለ አሉ። እኔ ግን አፈርኩ። መጻፍ ከነበረብኝ ነገር ሁሉ ዋናውን ትቼው ነበርና አሁን ቁጭ ብዬ እሱን እየጻፍኩ ነው።

ጋሽ ኤርጫፎ የከምባታ ሰው ነው። ወደ ጂንካ የመጣው የመንገድ ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ነው። የግሬደር መካኒኮችን ዕቃ ሲያቀብል ሙያውን ለመደ፤ መንገድ ሠሪዎቹ ሲሄዱ እሱ ቀረ። እኔ ሳውቀው የመሥሪያ ቤታችን ብቸኛ መካኒክ ነበር። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ዓመታት ናቸው። ሥራችን የከብት ክትባት ነበር፤ መድኃኒቱን በበረዶ ሳጥን ጭነን ወደ ቱርሚ፣ ወደ ሃና፣ መኪና እስከሚገባበት ድረስ እንልካለን። እኔ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ዕቃ ገቢ አደርጋለሁ፣ ወጪ አደርጋለሁ፣ ቁልፍ እይዛለሁ። ቁልፍ የያዘ ሰው ደግሞ ያው ትንሽ ያብጣል። እኔም አብጬ ነበር።

አጭር ሰው ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ አረማመዱ ቀስ ያለ። ሥራ ሲጀምር ባርኔጣውን ያወልቅና መኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ጸሎቱ ደቂቃ አይሞላም። አንድ ቀን ምን ብሎ እንደሚጸልይ ብጠይቀው «እንዳልቸኩል» አለኝ። ከዚያ ረጅሙን ካቻቪቴ አንሥቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ያዳምጣል። ሲያዳምጥ ማንም እንዲያወራ አይፈቅድም፤ ኃላፊውም ቢሆን እጁን ከፍ አድርጎ ዝም ያሰኘዋል። የፈታውን ብሎን ሁሉ ሸራ ላይ በተፈታበት ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ሸራውን የረገጠ ሰው ወዮለት።

ሾፌር «ማርሹ ሄዷል መሰለኝ» ብሎ ሲመጣ ጋሽ ኤርጫፎ አንድ መልስ ብቻ ነበረው። «ያየኸውን ዛሬ ንገረኝ፤ የመሰለህን ነገ ትነግረኛለህ» ይለዋል። ሾፌሮቹ ይቺን ንግግር እያስመሰሉ ይስቁባት ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ዛሬ ጂንካ ውስጥ ጋራዥ ከከፈቱት ወጣቶች ብዙዎቹ በእሱ እጅ ያለፉ ናቸው፤ እነሱም ይቺኑ ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን አይስቁባትም።

አንዱን ታሪክ ልንገራችሁ። የአንድ ሽማግሌ ሾፌር መኪና ቁልቁለት በወረደ ቁጥር ኳ ኳ ይል ነበር። ግማሹ ሰው ዲፍረንሻል ነው አለ፤ ግማሹ ደግሞ ባሌስትራ ነው አለ። ኃላፊው መኪናው ይፈታ ብሎ አዘዘ። ጋሽ ኤርጫፎ ግን አንድም ብሎን ሳይነካ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ እስከ ቁልቁለቱ ሄደና ተመለሰ። ሲመለስ ሾፌሩን ለብቻው ጠርቶ ከመቀመጫው ሥር የወጣ የአረቄ ጠርሙስ ሰጠው። «ይህ ዕቃ አንተን ያስነሣ እንደሆነ እንጃ፤ መኪናዋ ግን አያስፈልጋትም» ብሎታል፤ ይህን ያወራው ራሱ ሾፌሩ ነው። ለኔ በመጣልኝ የጥገና ወረቀት ላይ ግን «የላላ ነገር ነበር፤ በቦታው ተደርጓል» የሚል ብቻ ተጽፏል። አልዋሸም። የሰው ገመና ግን በመዝገብ ላይ አላወጣም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ።

አንድ የውጭ ድርጅት ሁለት አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ሰጠን። አንዷ ለቱርሚ ቡድን፣ አንዷ ለጂንካ ነበረች። ያመጣት ሰው ለጋሽ ኤርጫፎ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር የለም። ጋሽ ኤርጫፎ ጎንበስ ብሎ ፈለገ፤ ምንም። ሰውየው ከፊት ለፊት ወንበር እግር ማስቀመጫ በላይ የተደበቀች፣ የመዝሙር መጽሐፍ የምታክል ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን አሳየው። «ይህች ኮምፒዩተር ናት። ቤንዚኑ መቼና ምን ያህል እንደሚገባ፣ እሳት ሰጪው ካንዴላ መቼ እንደሚተኩስ የምታዘው እሷ ናት። እሷ ካላዘዘች ሞተሩ አይሠራም» አለው። ኮምፒዩተር የሚባለውን ነገር ብዙዎቻችን በስም እንኳ አናውቀውም ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ ሳጥኗን በሁለት ጣቱ ዳሰሳትና «ድምፅ የላትም?» ብሎ ጠየቀ። የላትም አለው ሰውየው። ይህ ነገር እንዳላስደሰተው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

የጂንካዋን መኪና ማርቆስ እንዲነዳት ተሰጠው። ማርቆስ የአሪ ልጅ ነው፤ ከእናቱ መንደር መንጃ ፈቃድ ያወጣ እሱ የመጀመሪያው ነው። በሰፈሩ በኩል ሲያልፍ ዘመዶቹ ከማሳቸው ቀና ብለው ያዩታል፤ እሱ ደግሞ ጥሩምባ አይነፋም፤ ፍጥነቱን ቀነስ ያደርግላቸዋል።

ከመኪናዋ ጋር ወፍራም የጥገና መጽሐፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። ሞዴል 19 ቆርጬ ገቢ አደረግኩትና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በነጋታው ጋሽ ኤርጫፎ እጁን በኦሞ ሳሙና ታጥቦ መጣ። ውሃው ገና ከክንዱ ይንጠባጠብ ነበር። መጽሐፉን ለአንድ ቀን እንድሰጠው ጠየቀኝ። እኔም እንግሊዝኛ መሆኑን፣ እንደማይጠቅመው፣ ደግሞም አዲስ ንብረት ስለሆነ ቅባት ቢነካው የምጠየቀው እኔ መሆኔን ነገርኩት። እጁን አየ። በጣቶቹ መስመር ውስጥ ያለው ጥቁረት በምንም ሳሙና የሚለቅ አልነበረም። «እሺ» ብሎ ሄደ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ቁጭ ብዬ ላንብብልህ ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የቱርሚ መንገድ የማርቆስን መኪና የመለዋወጫ ጎማ መያዣ ሰነጠቀው። ጋሽ ኤርጫፎ አንድ ሐሙስ ጠዋት የብየዳውን ጄኔሬተር አስነሥቶ በየደው። ሠርቶ ሲጨርስ እንደልማዱ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አዳመጠውና ጥሩ ነው አለ። መኪናዋም ተነሥታ ሄደች። እሁድን አርፋ ሰኞ ማርቆስ ክትባት ጭኖ ወጣ። የከብት ሳንባ በሽታ ገብቷል ተብሎ አርብቶ አደሩ ከብቱን ሰብስቦ እየጠበቀ ነበር።

የካኮን ከተማ አልፎ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ማርቆስ ያለውን ሁሉ ሞከረ። ከዚያ ጥሏት እንዳይሄድ ክትባቱ አለ፤ እንዳይቆይ ፀሐዩ አለ። በእግሩ ካኮ ተመልሶ ጭነት መኪና ሲጠብቅ ዋለ። በማግስቱ በሎንቺና ተጎትታ ጂንካ ስትገባ በረዶው ውሃ ሆኖ ክትባቱ ሞቷል። ክትባት ሞቆ ሲበላሽ እኛ «ሞተ» ነው የምንለው። ከብቶቹም ሳይከተቡ ተበተኑ።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። በዚያ ዘመን ፈሪ ኃላፊ ከክፉ ይብስ ነበር። ከላይ «ማን ነው ያደረገው?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ያውቃል። ስለዚህ ማርቆስ ቤንዚኑን ሸጦ በነጭ ጋዝ ቀላቅሏል፣ ሆን ብሎም የመንግሥት ሥራ አሰናክሏል ብሎ ፖሊስ ጠራ። ማርቆስ ረቡዕ ታሰረ። በሚቀጥለው ሰኞ ከነክሱ ወደ አርባ ምንጭ እንዲላክ ተወሰነ። አሻጥር የሚለው ቃል በክሱ ላይ ነበረበት፤ በዚያ ቃል ሄዶ ቶሎ የተመለሰ ሰው አናውቅም። የክሱን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የአጣሪ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። የማርቆስ እናት በቢሮው በር ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ አማርኛ ብዙም አትችልም። ወረቀት ይዤ ስወጣ ተነሥታ ቆመችልኝ።

ጋሽ ኤርጫፎ ኃላፊው ቢሮ ገባና እስከ ሰኞ ድረስ መኪናዋን ልያት አለ። ምን አጠፋ ብሎ የሚከራከር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ስለ ማርቆስ አንድም ቃል አልተናገረም።

መጀመሪያ ከታንከሯ ቤንዚን ቀዳና በጠራ ጠርሙስ አስቀመጠው። እስከ እኩለ ቀን ጠበቀ፤ ውሃ አልጠለለም። ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ አንድ ንጹሕ የታይፕ ወረቀት ጠየቀኝ። እያጉረመረምኩ ሰጠሁት። ወረቀቱ ላይ በአንድ በኩል ከታንከሯ የተቀዳውን፣ በሌላ በኩል ከፋኖስ ያመጣውን ነጭ ጋዝ ጠብ አደረገ። የታንከሯ ቶሎ ተነነ፤ ወረቀቱ ነጭ ሆነ። የፋኖሱ ቅባቱን ጥሎ ቀረ። «ይህን ፋይል አድርጊልኝ» አለኝ። አደረግኩለት።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትቶ ከሞተሩ አካል ጋር እያስነካ የሞተር ማስነሻውን ሞተሪኖ አስመታ። እሳት የለም። ገመዶቹን አንድ በአንድ ተከታተለ፤ የተበጠሰ የለም። ቁልፉ ሲከፈት ትበራ የነበረችው የሞተር ምልክት ያለባት ቢጫ መብራት አሁን አትበራም፤ ይህን ማርቆስም ተናግሮ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። ጋሽ ኤርጫፎ ከሞተር ብስክሌት የወጣች አምፖል በሁለት ሽቦ አስሮ ወደ ሳጥኗ የሚገባውን ገመድ ሞከረ። አምፖሏ በራች። ወደ ሳጥኗ ኤሌክትሪክ ይገባል ማለት ነው። ከሳጥኗ የሚወጣ ትእዛዝ ግን የለም። ምን አገኘህ ብዬ ብጠይቀው «ምሳዋን በደንብ ትበላለች፤ ሥራ ግን አትሠራም። የኛን መሥሪያ ቤት ለምዳለች» አለኝ። በነዚያ ቀናት የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ የቱርሚዋ መኪና ለገበያ መጣች። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ኃላፊው የደህናይቱን ሳጥን አውጥተህ እዚህ ግጠም አለው። ጋሽ ኤርጫፎ እምቢ አለ። «ደህናይቱን ወደታመመችው ቤት አላስገባም። የታመመችውን ወደ ደህናው ቤት እወስዳታለሁ» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተችው መኪና ገመድ ውስጥ ያልታየ ችግር ካለ ሁለተኛዋንም ሳጥን ሊያቃጥላት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም መኪኖች ይቆማሉ። የተጠረጠረችዋን ሳጥን ደህናይቱ መኪና ላይ ቢገጥም ግን በሳጥን ላይ የሚደርስ አዲስ ጉዳት የለም፤ መኪናዋ ከተነሣች ሳጥኗ ደህና ናት፣ ካልተነሣች ጥፋቱ የሳጥኗ ነው።

ኃላፊውና አንድ ፖሊስ ቆመው እያዩ ገጠማት። የቱርሚዋ መኪና አልተነሣችም። ቢጫዋ መብራትም አልበራችም። የራሷን ሳጥን መልሶ ሲገጥምላት ግን በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ፖሊሱ ሳይቀር ገባው።

እኔ ማርቆስ ተፈታ ብዬ ነበር። ኃላፊው ግን ትንሽ አሰበና ሳጥኗን ያቃጠላት ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሳጥኗ ያለችው ማርቆስ በሚውልበት ጋቢና ውስጥ ነው፤ ነካክቷት ይሆናላ። ጋሽ ኤርጫፎ ምን ሊያቃጥላት እንደሚችል ተጠየቀ። «አላየሁም» አለ። የማያውቀውን ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው። ኃላፊውም ሰኞ እስካሁን ባለው ነገር እንወስናለን ብሎ ሄደ።

እሁድ ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ጠበቀኝ። «መጽሐፉን አሁን ታነቢልኛለሽ?» አለኝ። ባለፈው የሚል ቃል እንኳ አልጨመረም። ቀጥታ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄድን። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ላስቲኩ እንደታሸገ ነበር። ስለ ኮምፒዩተሯ የሚናገረውን ክፍል ፈልጌ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስለት ጀመር። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ገጽ ላይ በጥቁር መስመር የታጠረ ማስጠንቀቂያ አለ። በመኪናው አካል ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ ከመሠራቱ በፊት የባትሪው ሁለት ገመዶች ይፈቱ፣ የኮምፒዩተሩም ሶኬት ይነቀል፤ አለበለዚያ ኮምፒዩተሩ ሊቃጠል ይችላል ይላል።

«ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት።

«ሁለቱንም ነው የሚለው? ባትሪውንም ሶኬቱንም?»

ሁለቱንም አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ባትሪ ፈትቶ በይዶ አያውቅም። በዚያ አገር ማንም አያውቅም፤ የድሮዎቹ መኪኖች ምንም አይሆኑም ነበር። ያን ሐሙስ የብየዳው ኤሌክትሪክ በብረቱ አልፎ ሳጥኗ ውስጥ ገብቷል። ወዲያው አልገደላትም፤ አቁስሏት ቆየ። ሰኞ በካኮ ዳገት ሙቀት ሲበዛባት ግን ተቃጠለች። ይህን ሁሉ ራሱ ነው ቀስ እያለ ያስረዳኝ፤ የሌላ ሰው መኪና የሚመረምር ይመስል ነበር።

ዝም ብንል ምናለበት አልኩት። ሳጥኗ በራሷ ተበላሸች ይባል። ገጹን ያየነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

«ኃላፊው እሺ ይላል?» አለኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «ስም ይፈልጋል» አልኩት።

«እንግዲያው የኔ ስም ነው» አለ። ባርኔጣውን አድርጎ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ገጹ ላይ ምልክት እንዳደርግበት ነገረኝ።

ያን ቀን ለእሱ አዝኜ ነበር ብል ደስ ባለኝ። ለራሴ ፈርቼ ነበር። መጽሐፉን ጠይቄ ንብረት ክፍል ከለከለችኝ ቢል ሁለተኛዋ ስም እኔ ነኝ። ሊልም ይገባው ነበር፤ እውነት ነዋ። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ምን ብዬ እንደምመልስ ሳሰላስል ቆየሁ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው፣ የንብረት መመሪያ ስለሆነ ነው፣ የኃላፊ ትእዛዝ ስላልነበረኝ ነው እያልኩ ብዙ መልስ አዘጋጀሁ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተቀመጠ። ኃላፊው፣ አንድ የካድሬ ሰውና እኔ። ማርቆስ በፖሊስ ተይዞ ጥግ ቆሟል፤ አምስት ቀን ያልተቀየረ ሸሚዝ ለብሷል። ጋሽ ኤርጫፎ ገባና መጽሐፉን ምልክት ያደረግንበት ገጽ ላይ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ጓድ፣ ሳጥኗን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ባትሪ ሳልፈታ በየድኩ። ይህ ልጅ ምንም አላደረገም» አለ።

ማርቆስ ቀና ብሎ አየው። ኃላፊው ገጹን አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ላይ ንዴትም እፎይታም ነበረበት፤ ስም አግኝቷል።

«ይህ መጽሐፍ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነበረ?» ብሎ ጠየቀው።

«ነበረ።»

«ታዲያ ከመበየድህ በፊት ለምን አላየኸውም?»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ጋሽ ኤርጫፎ ወደኔ አልዞረም።

«አልጠየቅኩም» አለ።

«ለምን?»

«አውቃለሁ ብዬ።»

ይህን ሰው ለዓመታት አውቀዋለሁ። የሰው ገመና ሲሸፍን እንኳ ውሸት አፉ ላይ አይገኝም ነበር። ያን ቀን በኮሚቴ ፊት፣ በራሱ ላይ ዋሸ። ካዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ይልቅ ጠይቆኛል የሚል አንድ ቃል ማውጣት ይበቃ ነበር። አላወጣሁም። ቃለ ጉባኤው ላይ «መጽሐፉን ጠይቆ እንደማያውቅ አምኗል» ብዬ በእጄ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

ማርቆስ እዚያው ተፈታ። ጋሽ ኤርጫፎ በእሱ ቦታ ወደ ጣቢያ ሄደ። ራሱ ስላመነ አሻጥር የሚለው ቃል ቀረለት፤ በቸልተኝነት ንብረት በማበላሸት ሰባት ወር ተፈረደበት። ስድስት ልጆች ነበሩት። ማርቆስ በየወሩ መጀመሪያ እህል ጭኖ ወደ ቤታቸው ይሄድ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ የጋሽ ኤርጫፎን ሚስት ገበያ ላይ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አዲሷ ኮምፒዩተር በአውሮፕላን መጣች። በማረፊያው ሜዳ የሚግጡት ከብቶች እስኪባረሩ ድረስ አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ዞረ። ሳጥኗን የሚገጥም ሰው ግን አልመጣም፤ በጂንካ ደግሞ ከእስረኛው በቀር የሚችል የለም። ኃላፊው ለጣቢያው ደብዳቤ ጻፈ፤ ጋሽ ኤርጫፎ በአንድ ፖሊስ ታጅቦ ወደ ጋራዡ መጣ። ከስቷል። ጢሙ ነጭ ጣል ጣል አድርጓል። ባርኔጣውን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ጸለየ። የባትሪውን ሁለቱንም ገመዶች ፈትቶ እንዳይነኩ በጨርቅ ጠቀለላቸው። ከዚያ አሮጌዋን ሳጥን አውጥቶ የገመዶቹን ሶኬት አንድ በአንድ እየገለጠ ዝገት አለበት ወይ ብሎ አየ። ፖሊሱ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ብሎኖቹን በመዳፉ ይዞለት ነበር፤ በተፈቱበት ተራ እንዲይዛቸው ታዟል። አዲሷ ስትገባ ቀጭ አለች። ባትሪው ተመለሰ፤ ማርቆስ ቁልፉን ከፈተ። ቢጫዋ መብራት በራች። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቷም ጠፋች። ጋሽ ኤርጫፎ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ።

ከዚያ ወደ ጣቢያው መመለስ መጣ። ማርቆስ፣ ጋሽ ኤርጫፎ በእግሩ አይሄድም አለ። ፖሊሱ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ እኔና ጋሽ ኤርጫፎ ከኋላ ሆንን። እኔ የሄድኩት የተቃጠለችውን ሳጥን ለጣቢያው ለማስረከብ ነው፤ በኤግዚቢትነት ትፈለግ ነበር። ጉልበቴ ላይ ናት። ከጋራዡ እስከ ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ማርቆስ ግን በአውሮፕላን ሜዳው ዙሪያ በቀስታ ነዳ። መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ሲጠርግ በመስታወቱ አየሁት። ፖሊሱም መንገዱ ለምን ረዘመ ብሎ አልጠየቀም።

«ጋሽ ኤርጫፎ፣ ለምንድነው አልጠየቅኩም ያልከው?» አልኩት። ሞተሩን እያዳመጠ ስለነበር መጀመሪያ እጁን ከፍ አድርጎ ዝም አሰኘኝ። ቆይቶ ዞረ።

«አንቺም ብትታሰሪ መጽሐፉን ማን ያነብልኛል?» አለኝ።

ቀልዱን ነው ብዬ ልስቅ ፈልጌ አለቀስኩ። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም። በሚቀጥለው እሁድ ከጸሎት በኋላ መጽሐፉን በራሴ ስም ወጪ አድርጌ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። ዘበኛው ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጦ ምንም ሲያጣባቸው አስገባኝ። ጋሽ ኤርጫፎ በግቢው ጥላ ሥር ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። መጽሐፉን ጉልበታችን ላይ ዘረጋሁና ከየት ልጀምርልህ አልኩት።

«ከመጀመሪያው» አለኝ። «አምስት ወር ይቀረኛል።»